ስፒከርን በገዛ እጅ መሥራትና ከአነስተኛ አምራች መግዛት፦ በሁለቱም መንገድ ሄጄ ያየሁት

በፋብሪካ በብዛት የሚመረቱት ስፒከሮች ያላረኩት የሙዚቃ ወዳጅ ከፊቱ ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው በሙያው ድራይቨር የሚባሉትን፣ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣውን ዉፈርና ከፍተኛውን የሚያወጣውን ትዊተር፣ ለየብቻ ገዝቶ፣ ሳጥኑን አስቆርጦ፣ በገዛ እጁ መገጣጠም ነው። ሁለተኛው ጥቂት ሰዎች በትንሽ ወርክሾፕ ሠርተው ያለ አከፋፋይ በቀጥታ ለደንበኛ የሚሸጡትን መግዛት ነው። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ፤ በምሠራበት ክፍል ውስጥ የሚያገለግሉኝ ራሴ የሠራኋቸው ሲሆኑ፣ በሳሎን ያሉት ከአንድ አነስተኛ አምራች የተገዙ ናቸው። ይህን የምጽፈው በምርጫው ላይ ያለ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ምን ላይ እንደሚያውል አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ምክር ስለ እንጨቱ ዓይነትና ስለ ዉፈሩ ስም ሲያትት፣ የስፒከሩን መልካምነት በእርግጥ የሚወስነውን ክፍል በጨረፍታ ያልፈዋል።

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሒሳብ ነው። ፈላጊው የአንድን አነስተኛ አምራች ስፒከር አይቶ፣ በውስጡ የተገጠሙትን ድራይቨሮች ስምና ቁጥር ይመዘግባል፤ እነዚያኑ በችርቻሮ ዋጋ ሲደምራቸውም ከተጠየቀው ገንዘብ ጋር የማይቀራረብ አነስተኛ ቁጥር ያገኛል። ሒሳቡ ሐሰት አይደለም። የኖርዌዩ ሲያስ፣ የዴንማርኩ ስካን ስፒክ፣ የጀርመኑ ቪዛቶንና እነርሱን የመሰሉ አምራቾች ድራይቨሮቻቸውን ለትልቅ ኩባንያም፣ ለትንሽ ወርክሾፕም፣ አንድ ጥንድ ብቻ ለሚፈልግ ግለሰብም ያቀርባሉ፤ ስለዚህ በውድ ስፒከር ውስጥ ያለውን ዉፈር ማንም ሰው ገዝቶ ቤቱ ሊያስገባው ይችላል። ሒሳቡ የሚጎድለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ጥሩ ድራይቨሮችን በአንድ ሳጥን ላይ መግጠምና ሁለቱ እንደ አንድ ድምፅ እንዲሰሙ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ሥራ ደግሞ በዋጋ ዝርዝር ላይ አይታይም።

ጀማሪውን አብልጦ የሚያስፈራው፣ ነገር ግን ከሁሉ የሚቀለው፣ ሳጥኑ ነው። አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበውና ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባስፋፋው ስሌት ምክንያት፣ አንድ ዉፈር በምን ያህል ሳጥን ውስጥ እንዴት ያለ ቤዝ እንደሚሰጥ ገና እንጨት ሳይቆረጥ ማወቅ ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልጉት በዉፈሩ መግለጫ ላይ የሚታተሙ ጥቂት ቁጥሮች ናቸው፤ ዋናዎቹም ዉፈሩ ሳጥን ውስጥ ሳይገባ የሚርገበገብበት የራሱ ፍሪኩዌንሲ፣ ያ መርገብገብ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገታ የሚያሳየው ቁጥር፣ እንዲሁም የኮኑን (አየሩን እየገፋ ድምፅ የሚያወጣውን ሾጣጣ ክፍል) ማንጠልጠያ ልስላሴ በአየር መጠን የሚገልጸው ሊትር ናቸው። እነዚህን በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባ ሰው ዝግ ሳጥንና የአየር ቱቦ ያለው ሳጥን የሚሰጡትን ውጤት በደቂቃዎች ውስጥ ያነጻጽራል። በዝግ ሳጥን ቤዙ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ 12 ዴሲቤል (የድምፅ ብርታት መለኪያ) እየቀነሰ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ባለ ቱቦው ወደ ታች ጥቂት ይዘልቅና ከዚያ በኋላ በ24 ዴሲቤል ያሽቆለቁላል፤ ቱቦው ከተቃኘበት ፍሪኩዌንሲ በታች ደግሞ ዉፈሩን የሚይዘው አየር ስለማይኖር ኮኑ ያለ ልጓም ይወዛወዛል።

ሳጥን ትንሽ የመለኪያ ጉድለትን እንደሚችል በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ውስጡ 20 በ25 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 15 ሊትር ይይዛል። ይህን ሳጥን በ45 ኸርዝ ለመቃኘት የውስጥ ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቱቦ ቢመረጥ፣ ርዝመቱ ወደ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቱቦው በስሕተት አንድ ሴንቲ ሜትር ቢረዝም መቃኛው የሚወርደው በአንድ ኸርዝ ገደማ ብቻ ነው፤ ይህን በጆሮው የሚለይ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በሳጥን ላይ ሊያሳስብ የሚገባው አየር የሚያሾልክ መገጣጠሚያና የሚንቀጠቀጥ ግድግዳ ነው፤ የመጀመሪያው በኮላ፣ ሁለተኛው በውስጥ በሚጋደም ደጋፊ እንጨት ይድናል።

እኔ የተጠቀምኩት 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከደቀቀ እንጨትና ከማጣበቂያ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ነው፤ አይጣመምም፣ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ይሁን እንጂ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ በማጣበቂያው ውስጥ ፎርማልዴሃይድ ስላለ፣ ያለ ደህና ጭምብልና አየር በማይንቀሳቀስበት ቤት ውስጥ መቁረጥ ጤናን አሳልፎ መስጠት ነው። ግድግዳዎቹን ትልቅ መጋዝ ካለው አናጢ ዘንድ ማስቆረጥ ለአብዛኛው ሰው የሚሻል ይመስለኛል። የፊቱን እንጨት ግን ሰሪው ራሱ ቢይዘው መልካም ነው፤ ምክንያቱም አናጢ የማይጠብቀው ነገር እዚያ አለ። በ18 ሚሊ ሜትር እንጨት ላይ የተቆረጠ የዉፈር ቀዳዳ ከጀርባ ሲታይ አጭር ጉድጓድ ይመስላል፤ ዉፈሩ ሲገጠምበትም ከኮኑ ጀርባ የሚወጣው አየር ኮኑን በያዘው የብረት ቅርጫት እግሮችና በእንጨቱ ግድግዳ መካከል ይታነቃል። ስለዚህ የቀዳዳው የውስጥ ጠርዝ ዙሪያውን በ45 ዲግሪ ተሸልቶ መነሣት አለበት፤ ብሎኖቹ የሚይዙበት ቦታ ላይ ብቻ እንጨቱ ሙሉ ውፍረቱን ይዞ ይቀራል። ጣትን ከጀርባ አስገብቶ በቅርጫቱና በእንጨቱ መካከል በነፃነት ማዞር ከተቻለ ሥራው ደኅና ነው። አንዳንድ የተገዙ ስፒከሮችን ፈትቼ ስመለከት ይህ ሽልታ ሳይደረግ ማየቴን መደበቅ አልፈልግም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ክሮስኦቨር ከአምፕሊፋየር የሚመጣውን ምልክት ከፍሎ ዝቅተኛውን ለዉፈር፣ ከፍተኛውን ለትዊተር የሚያቀብል የካፓሲተር፣ የኮይልና የሬዚስተር ስብስብ ነው። በመማሪያ መጻሕፍትና በየቦታው በሚገኙ ማስሊያዎች፣ የድራይቨሩ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም ለሚመጣው ምልክት የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ 8 ኦም ነው ተብሎ ከተወሰደ፣ በተፈለገው ፍሪኩዌንሲ ላይ ለመክፈል የሚያስፈልጉት ዋጋዎች ወዲያው ይወጣሉ። ችግሩ 8 ኦም ስም ብቻ መሆኑ ነው። 8 ኦም የተባለው ዉፈር በ200 ወይም በ300 ኸርዝ አካባቢ 6 ኦም ገደማ ይሆናል፤ በራሱ መርገብገቢያ ላይ ብዙ አሥር ኦም ይደርሳል፤ ወደ 2,000 ኸርዝ ሲቃረብ ደግሞ በውስጡ ባለው የሽቦ ጥቅልል ባሕርይ ምክንያት እንደገና ይወጣል። ስለዚህ በ8 ኦም የተሰላው ክሮስኦቨር የተባለበት ቦታ ላይ አይቆርጥም።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኢምፒዳንሱን ለክቶ መጨረስ ይቻል ነበር። ሆኖም ሳጥኑ ራሱ ድምፁን ይለውጠዋል። ፊቱ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሳጥን ላይ፣ ከፍተኛው ድምፅ በፊቱ እንጨት እየተገፋ ወደ አድማጩ ሲሄድ፣ ከ600 ኸርዝ ገደማ በታች ያለው ግን በሳጥኑ ዙሪያ ተጠምዝዞ ወደ ኋላም ይፈስሳል። በባዶ ሜዳ ላይ ልዩነቱ እስከ 6 ዴሲቤል ይደርሳል፤ በክፍል ውስጥ ግድግዳዎች ስለሚያግዙ ብዙ ሰሪዎች ከ3 እስከ 5 ዴሲቤል የሚሆነውን ብቻ ያካክሳሉ። ማካካሻው የሚገኘው ከፍተኛውን ድምፅ ዝቅ በማድረግ ስለሆነ፣ በመግለጫው 88 ዴሲቤል የተባለለት ዉፈር ተሠርቶ ሲያልቅ 84 ገደማ ቢሆን ሊያስገርም አይገባም። በተጨማሪም የዉፈሩ ኮን ወደ ውስጥ የጎደጎደ ስለሆነ ድምፁ የሚነሣው ከትዊተሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። በ2,000 ኸርዝ የአንድ ሞገድ ርዝመት 17 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ማለት ከ40 ዲግሪ የሚበልጥ የፌዝ (የሞገዶቹ መግፊያና መሳቢያ ጊዜ) ልዩነት ማለት ነው። ሁለቱ ድራይቨሮች በሚገናኙበት ቦታ አንዱ ሲገፋ ሌላው በከፊል የሚስብ ከሆነ ድምፁ እዚያው ይዳከማል።

እነዚህን ሁሉ በአንድነት የሚፈታው መለካት ነው፤ ለመለካትም ዛሬ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። መለኪያ ማይክሮፎን፣ ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር እና ሰፋ ያለ ክፍል ይበቃሉ። እኔ የማደርገው እንደሚከተለው ነው። ስፒከሩን ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ አድርጌ ትዊተሩ ከወለል 1.2 ሜትር ያህል እንዲርቅ አደርጋለሁ፤ ማይክሮፎኑን በዚያው ከፍታ አንድ ሜትር ርቀት ላይ እተክላለሁ። በቀጥታ የሚመጣው ድምፅ አንድ ሜትር ይጓዛል፤ ወለል ነክቶ የሚመጣው 2.6 ሜትር ይጓዛል። የ1.6 ሜትሩ ልዩነት ወደ 4.7 ሚሊ ሰከንድ ስለሚሆን፣ ሶፍትዌሩ ከዚያ በፊት የደረሰውን ብቻ እንዲያነብ ቢታዘዝ ክፍሉ ከልኬቱ ይወጣል፤ የሚቀረውም ከ215 ኸርዝ ገደማ በላይ የሚታመን ግራፍ ነው። ከዚያ በታች ያለው ማይክሮፎኑን ከኮኑ ጋር ሊነካካ ጥቂት እስኪቀረው አስጠግቶ ይለካና ሁለቱ ግራፎች ይጋጠማሉ። ከዚያም ስፒከሩን በየ10 ዲግሪው እያዞሩ ዉፈሩንና ትዊተሩን ለየብቻ መለካት ይከተላል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ የጎረቤት በር ሲዘጋ ወይም መኪና ሲያልፍ እንደገና መጀመር አለ።

ልኬቶቹ ቪቱክስካድ ወደሚባለው ሶፍትዌር ሲገቡ ክሮስኦቨሩን ገና አንድ ካፓሲተር ሳይገዙ በስክሪን ላይ መቀየስ ይቻላል። እኔ የመረጥኩት ዚግፍሪድ ሊንክዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቀው፣ ሊንክዊትዝ-ራይሊ የሚባለው አከፋፈል ነው፤ ሁለቱ ድራይቨሮች በመገናኛው ላይ እያንዳንዳቸው 6 ዴሲቤል ወርደው ሲደመሩ ቀጥ ያለ መሥመር ይሰጣሉ። ይህ አከፋፈል የሚያስደስት ማረጋገጫ አለው። ሁሉም ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ የትዊተሩ ሁለት ሽቦዎች ሆን ተብሎ ተገልብጠው እንደገና ሲለካ፣ በመገናኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ጥልቅና ሁለቱ ጎኖቹ የሚመሳሰሉ ጉድጓድ መታየት አለበት። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ሁለቱ ድራይቨሮች በትክክለኛው አያያዝ እኩል ይገፋሉ፣ እኩል ይስባሉ ማለት ነው። ጥልቀት የሌለው ወይም ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ከሆነ ግን ሥራው አላለቀም።

ልዩነቱ በጆሮ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ለአንድ ጥንድ ሳጥን ሁለት ዓይነት ክሮስኦቨር ሠርቼ አወዳድሬአለሁ፤ አንዱ ከማስሊያው በቀጥታ የወጣ፣ ሌላው በልኬት የተቀየሰ። ዉፈሩ፣ ትዊተሩ፣ ሳጥኑና ክፍሉ አንድ ናቸው። በማስሊያው ስሠራ በ1,500 እና በ3,000 ኸርዝ መካከል ግራፉ ያብጥ ነበር፤ የሴት ድምፅ ከሙዚቃው ተገንጥሎ ወደ ፊት ይወጣል፣ መለከት ጆሮ ይወጋል፣ ከመቀመጫ ተነሥቶ የቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ስፒከር የሚሰማ ይመስለዋል። በልኬት በተቀየሰው ዘፋኙ ወደ ሙዚቀኞቹ መካከል ይመለሳል፤ ቢቆሙም ቢቀመጡም ድምፁ ብዙ አይለወጥም። የሁለቱ ክሮስኦቨሮች የዕቃ ዋጋ ተቀራራቢ ነው። ስፒከር የሚገዛ ሰው ከእንጨቱና ከድራይቨሩ በላይ የሚከፍለው ለዚህ ነው የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ውድ ካፓሲተሮች አንድ ነገር ልበል። በወርቅና በብር የሚሸጡ አሉ፤ እኔ ግን ዋጋው ትክክል በሆነ ተራ የፖሊፕሮፒሊን ካፓሲተርና በእነርሱ መካከል ያለውን ልዩነት በልኬት አላገኘሁትም፣ በጆሮዬም አልለየሁትም። ያ ገንዘብ ለመለኪያ ማይክሮፎን ቢውል ውጤቱ ይሰማል። ነፃ የሆነና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጥንቃቄ ግን አለ፤ ሁለት ኮይሎችን ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ አለመትከል፣ ይልቁንም አንዱን ካንዱ አርቆ በ90 ዲግሪ አዙሮ ማስቀመጥ ነው፤ አለበለዚያ መግነጢሳዊ መስካቸው ይነካካና የተቀየሰው ክሮስኦቨር ሌላ ይሆናል።

መለካት የማይፈልግ፣ ነገር ግን መሥራት የሚፈልግ ሰው የተሟላ ንድፍ ይከተል። ልምድ ያላቸው ቀያሾች ከነልኬታቸው ያሳተሟቸው ብዙ ንድፎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ዕቃቸው ተሰብስቦ በአንድ ካርቶን ይሸጣሉ። እዚህ ላይ የማጠብቀው ሕግ አንድ ነው፦ ድራይቨሩ አይቀየር፣ የፊቱ እንጨት ስፋትና የድራይቨሮቹ አቀማመጥ አይነካ። የሳጥኑ ጥልቀት የውስጥ ሊትሩ እስካልተለወጠ ድረስ ብዙ ችግር ሳያመጣ ሊስተካከል ይችላል። «ይኼኛው ትዊተር ይሻላል፣ መጠኑም አንድ ነው» ተብሎ የሚደረግ ለውጥ ግን ንድፉን ከነልኬቱ ይሰርዘዋል። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1970ዎቹ ለራሱ አገልግሎት የቀየሰው ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለው ትንሽ ስፒከር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ቢቢሲ ንድፉን ለተለያዩ አነስተኛ አምራቾች በፈቃድ ሰጥቶ ሁሉም አንድ ዓይነት ስፒከር እንዲሠሩ አደረገ፤ ኬኢኤፍ የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው የስፒከሩ ድራይቨሮች ባሕርይ በጊዜ ብዛት ስለተለወጠ ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ክሮስኦቨሩ እንደገና መቀየስ ነበረበት፤ ኢምፒዳንሱም ከ15 ወደ 11 ኦም ወረደ። ስሙ ያልተለወጠ ድራይቨር እንኳ ይህን ካስከተለ፣ ጨርሶ ሌላ የሆነውን መግጠም ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

ከአነስተኛ አምራች ስለ መግዛት ስናገር በአክብሮት ነው። በደንብ የሚሠራ ወርክሾፕ ከላይ የዘረዘርኩትን ልፋት ከደንበኛው ላይ ያነሣል፤ የሳጥኑን ቀለምና የጠርዝ አጨራረስም ጀማሪ በመጀመሪያ ሥራው ሊደርስበት በማይችል ደረጃ ያደርሰዋል። ኤምዲኤፍን ቀለም የቀባ ሰው ይህን ያውቃል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ቀለሙን እየጠጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ ማሸትና እንደገና መቀባት ይጠይቃል። ነገር ግን አነስተኛ መሆን ብቻውን ጥሩነት አይደለም። እኔ ከመግዛቴ በፊት ለተለያዩ አምራቾች ተመሳሳይ ጥያቄ ልኬ ነበር፤ የስፒከሩን ልኬት ፊት ለፊትና ከጎን እንዲያሳዩኝ፣ የኢምፒዳንሱን ዝቅተኛ ቁጥር እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። አንደኛው ስለ እንጨቱ ዕድሜና ስለ ውስጥ ሽቦው ንጽሕና ረጅም መልስ ሰጥቶ፣ ልኬት ግን ሙዚቃን አይገልጽም አለኝ። ከእርሱ አልገዛሁም። ስፒከሮቹን የሸጠልኝ ሰው የንድፉን ግራፍ ወዲያው ላከልኝ፤ ስፒከሮቹ ሲደርሱም የእኔው ግራና ቀኝ የተለኩበት ወረቀት አብሮ ነበር፤ ሁለቱ መሥመሮች በአብዛኛው ተደራርበው ከአንድ ዴሲቤል በታች ይለያያሉ። ቤት ውስጥ በራሴ ማይክሮፎን ደግሜ ስለካ ከላከልኝ ጋር ተስማማ።

የጎን ልኬት የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ ከዚያም ከሾን ኦሊቭ ጋር ባካሄዷቸው፣ አድማጩ የሚሰማውን ስፒከር በማያይባቸው ፈተናዎች፣ ሰዎች አብልጠው የሚወዱት ፊት ለፊት ሲለካ ግራፉ ቀጥ ያለና ወደ ጎን ሲሄድ ያለ ድንገተኛ ዝላይ ቀስ እያለ የሚቀንስ ስፒከር ሆኖ ተገኝቷል። በክፍል ውስጥ ከምንሰማው ብዙው በግድግዳና በጣሪያ ተመልሶ የሚመጣ ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲኢኤ 2034 በሚል ቁጥር የወጣው የአለካክ ደረጃ በዚህ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ አንድን ስፒከር በዙሪያው በ70 አቅጣጫዎች መለካትን ይጠይቃል። ከአንድ ትንሽ ወርክሾፕ ይህን ሁሉ መጠበቅ ይከብዳል፤ ፊት ለፊት፣ 30 እና 60 ዲግሪ ላይ የተወሰደ ልኬት እንኳ የማያሳይ ግን ወይ አልለካም ወይ የለካውን ሊያሳይ አልፈለገም።

ሌላው የሚጠየቅ ነገር መለዋወጫ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ከአነስተኛ አምራች የገዛው ስፒከር ትዊተሩ ሲቃጠልበት፣ አምራቹ ሥራውን ትቶ ነበር፤ ትዊተሩም ከገበያ ወጥቶ ነበር። የክሮስኦቨሩ ንድፍ በእጁ ስላልነበረ ለሌላ ትዊተር እንደ አዲስ ማስቀየስ ግድ ሆነበት፤ ወጪውም ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ገና ገንዘብ ሳይከፈል የተገጠሙት ድራይቨሮች በገበያ ላይ የሚገኙ መሆናቸውን፣ አምራቹ ምን ያህል መለዋወጫ እንደሚያስቀምጥ፣ ሥራውን ቢያቆም የክሮስኦቨሩን ንድፍ ለደንበኞቹ ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኑን በጽሑፍ መጠየቅ አሳፋሪ አይደለም። በቤት ሰምቶ የመመለስ መብት ያለውን አምራች ማስቀደምም ተገቢ ነው፤ በወርክሾፑ ያማረ ቤዝ በጠባብ ክፍል ጥግ ላይ ሊያገሳ ይችላል።

ወጪን በሚመለከት፣ አንድ ጥንድ ብቻ ለሚሠራ ሰው መቆጠብ የሚለው ተስፋ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ማይክሮፎኑ፣ ክብ መቁረጫው፣ ኮላው እስኪደርቅ የሚያጣብቁት መያዣዎች፣ የመበየጃው ዕቃ፣ የተበላሸው እንጨትና በሙከራ ላይ የተገዙት ካፓሲተሮች ሲደመሩ በድራይቨሮቹ ላይ የታየው ትርፍ ይመናመናል። ሁለተኛና ሦስተኛ ጥንድ ለሚሠራ ሰው መሣሪያው ስለተከፈለ ሒሳቡ ይገለበጣል። ለመሸጥ ሲፈለግ ደግሞ በቤት የተሠራ ስፒከር ከውስጡ ድራይቨሮች ዋጋ ብዙም አያልፍም፤ ስም ያለው ወርክሾፕ የሠራው ግን የተከፈለበትን በከፊል ይመልሳል።

ምክር ለሚጠይቁኝ የምመልሰው እንደ ሰውዬው ነው። መለካትና መሞከር የሚያስደስተው፣ ምሽቶቹን ለግራፍ መስጠት የማይከብደው ሰው ከባዶ ይቀይስ፤ የሚያገኘው እውቀት ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ስፒከር ሁሉ ያስረዳዋል። እጁን ማፍታታት የሚፈልግ፣ ለመለካት ግን ትዕግሥት የሌለው የታተመ ንድፍ ሳያዛባ ይከተል። ሙዚቃ መስማት ብቻ የሚፈልግ ሰው ልኬቱን ከሚያሳይ አነስተኛ አምራች ይግዛ፤ ለከፈለው ልዩነት ሌላ ሰው ምሽቱን ሰጥቶለታል። በማስሊያ በወጣ ክሮስኦቨር ውድ ድራይቨሮችን መግጠምን ግን ለማንም አልመክርም፤ ከዚያ ይልቅ መካከለኛ ድራይቨሮች በተለካ ንድፍ ይሻላሉ።

ስፒከሩ ከየትም ይምጣ፣ ከአምፕሊፋየር ጋር ከመገናኘቱ በፊት ጥቂት ፍተሻ ይደረግለት። ባለ ሁለት ድራይቨር ስፒከር ላይ መልቲሜትር ሽቦ በሚታሰርባቸው የጀርባ መያዣዎች ላይ ሲደረግ የሚታየው የዉፈሩና የኮይሉ ሬዚስታንስ ነው፤ ካፓሲተሩ ትዊተሩን ስለሚዘጋው እርሱ አይቆጠርም። ለ8 ኦም ስፒከር ከ5.5 እስከ 7 ኦም ገደማ የተለመደ ሲሆን፣ ግራና ቀኙ እጅግ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፤ ምንም ካልታየ አንድ ቦታ ብየዳው ለቋል። በቤት ለተሠራው፣ ገና ክሮስኦቨሩ ሳይገናኝ፣ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት የዉፈሩን መያዣዎች ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ ከወጣ የባትሪው ፖዘቲቭ ያለበት መያዣ ፖዘቲቩ ነው፤ ይህ በትዊተር ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ከዚያ በኋላ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበት የሞኖ ቅጂ (ከሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ የሚወጣበት) ይከፈታል። በሁለቱ ስፒከሮች እኩል ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ድምፁ ከመካከል መምጣት አለበት፤ በክፍሉ ውስጥ ተበትኖ ቦታው ካልታወቀና ቤዙም ከሳሳ የአንደኛው ስፒከር ሽቦ ተገልብጧል ማለት ነው፤ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ የዚያን ስፒከር ሁለት ሽቦዎች ማቀያየር ይበቃል።